መታጠቢያ በመኝታ ቤት ውስጥ፤ ስለ እንፋሎት አወጣጥ አጭር የታሪክ ጥናት

ገላን መታጠብ ለጤና የሚበጅ መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን ሰው በሙቅ ውኃ ታጥቦ በወጣ ጊዜ፣ ከገንዳው የተነሣው እንፋሎት ወዴት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ውኃው በቧንቧ ወርዶ ይሄዳል፤ እንፋሎቱ ግን መውጫ ካላገኘ በቤቱ ውስጥ ይቀራል። መታጠቢያውና መኝታ ቤቱ አንድ በሆኑ ጊዜ ደግሞ እንፋሎቱ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያድራል።

ይህን ጉዳይ ለጥናት የመረጥንበት ምክንያት ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ብዙዎቹ መታጠቢያውን ከዋናው መኝታ ቤት ጋር በአንድ በር ያያያዙ ናቸው፤ በአንዳንድ ሆቴሎችም ገንዳው በመስታወት ብቻ ተከልሎ ወይም ያለ ምንም ክልል ከአልጋው አጠገብ ይታያል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከቁም ሣጥኑ በስተጀርባ ግድግዳው ይጠቁራል፣ የተሰቀለውም ልብስ መሽተት ይጀምራል። ያን ጊዜ አከራዩ «ውኃ ታበዛላችሁ፤ መስኮትም አትከፍቱም» ሲል፣ ተከራዩ «ቤቱ ራሱ እርጥበት ያዘለ ነው» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እንፋሎትን ማውጣት የታጣቢው ሥራ ነው ወይስ የቤቱ? መልሱን ለማግኘት ልዩ ልዩ ሕዝቦች በልዩ ልዩ ዘመን ያደረጉትን እንመለከታለን። ካላመለከትን በቀር ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የእንፋሎት ጠባይ

አስቀድመን ስለ ነገሩ ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። አየር በዓይን የማይታይ ውኃ ይሸከማል፤ የሚሸከመውም መጠን ከሙቀቱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። በ1751 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ለ ሯ በብርጭቆ ያለውን ውኃ ቀስ በቀስ እያቀዘቀዘ፣ በብርጭቆው ውጭ ላይ ጤዛ የሚታይበት የቅዝቃዜ ደረጃ እንደ አየሩ እርጥበት የሚለያይ መሆኑን ገለጠ። በ1783 የጄኔቫው ተወላጅ ደ ሶስዩር የሰው ጠጉር በእርጥበት የሚረዝም መሆኑን ተመልክቶ በጠጉር የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ የያዘ መጽሐፍ አወጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይም እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን የውኃ ተን ግፊት ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር በቁጥር አስቀመጠ።

ከነዚህ ሊቃውንት ሥራ የተገኘው ትምህርት እንደሚከተለው ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውኃ ሊሸከም ይችላል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ጥቂት ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ ሙቅና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ በነካ ጊዜ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ ሊቆይ አይችልም፤ ትርፉን እዚያው በጤዛ መልክ ያራግፋል። ጠዋት በሣር ላይ የምናየው ጤዛና በመስኮት መስታወት ላይ የሚወርደው ውኃ ሥራቸው አንድ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ስሌት እናቅርብ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2.70 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት 43 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየሩ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውና ሊሸከመው ከሚችለው ውኃ እኩሌታውን የያዘ ነው እንበል። ወደ ውጭ የሚመለከተው ግድግዳ ሌሊት 12 ዲግሪ ከሆነ፣ በግድግዳው ላይ ጤዛ እንዲጀምር በአየሩ ላይ መጨመር ያለበት ውኃ 75 ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህም አንድ ሲኒ ቡና ማለት ነው። በሙቅ ሻወር የሚታጠብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ወደ አየር ይለቃል፤ እርጥቡ ፎጣ ሲደርቅ ይጨምርበታል፤ የሚተኙትም ሰዎች እስኪነጋ ድረስ በትንፋሻቸው ያክሉበታል። ሻጋታ ደግሞ የሚታይ ጠብታ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ በግድግዳው ላይ ያለው አየር ሊሸከም ከሚችለው ከመቶ 80 እጅ ያህል ውኃ ይዞ ለብዙ ቀናት ከቆየ ለመብቀል ይበቃዋል።

እንግዲህ እንፋሎትን ለማሸነፍ ያለው መንገድ በጠቅላላው ሦስት ነው። አንደኛው መታጠቢያውን ከመኝታ ማራቅ፤ ሁለተኛው ግድግዳውን ማሞቅ፤ ሦስተኛው ለአየሩ መውጫ መስጠት። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ የነዚህ የሦስቱ ታሪክ ነው።

ሮማውያን ግድግዳውን አሞቁ

ቪትሩቪዩስ የተባለው ሮማዊ የሕንፃ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው መቶ ዓመት በጻፈው ዐሥር ክፍል ያለው መጽሐፍ ውስጥ፣ በአምስተኛው ክፍል ስለ መታጠቢያ ቤት አሠራር ይናገራል። ወለሉ በትናንሽ የሸክላ ምሰሶዎች ላይ እንዲቆምና ከሥሩ የእሳት ሙቀት እንዲያልፍ ያዝዛል። ከሁሉ ይልቅ ለኛ ጥናት የሚጠቅመው ስለ ጣራ የጻፈው ነው። ሙቅ ክፍሎች ከውስጥ በኩል ድርብ ጣራ ቢኖራቸው የተሻለ መሆኑን ይናገራል፤ ምክንያቱንም ሲያስረዳ ከሙቀቱ የሚነሣው እርጥበት በሁለቱ ጣራዎች መካከል ስለሚበተን እንጨቱን ሊያበሰብሰው አይችልም ይላል። እንዲሁም በላብ ማውጫው ክፍል አናት ላይ ቀዳዳ ተትቶ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የነሐስ ክዳን እንዲደረግበት ይመክራል፤ ክዳኑ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የክፍሉ ሙቀት ይስተካከላል።

ከዚያ በኋላ ሌላ እርምጃ መጣ። በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓመተ ምሕረት ፈላስፋው ሴኔካ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ውስጥ፣ ሙቀቱ ከታችም ከላይም እኩል እንዲሆን በግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩ የሸክላ ቧንቧዎች በዕድሜው ውስጥ የተገኙ መሆናቸውን ያስታውሳል። በሌላ ደብዳቤውም የጥንቱን የጦር አለቃ የስኪፒዮን መታጠቢያ ጠባብና ጨለማ ነበር ብሎ በራሱ ዘመን ከነበሩት ሰፋፊ መስኮቶች ጋር ያነጻጽረዋል። ሴኔካ ይህን የጻፈው የዘመኑን ቅንጦት ለመንቀፍ ነው። እኛ ግን ከነቀፌታው ውስጥ ሌላ ቁም ነገር እናገኛለን፤ የሞቀ ግድግዳ ጤዛ አይቀበልምና፣ ሴኔካ ቅንጦት ያለው ነገር ለሕንፃው ጥበቃም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን፣ መጽሐፉ ለታጣቢው አንድም ትእዛዝ አለመስጠቱ ነው። ቪትሩቪዩስ ውኃ አታብዛ፣ ቶሎ ውጣ አይልም። የሚያዝዘው ግንበኛውን ነው።

ገንዳው ወደ መኝታ ቤት ገባ

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የመኳንንቱ ገንዳ እንደ በርሜል ከእንጨት ተሠርቶ፣ ሲያስፈልግ ወደ መኝታ ክፍል እየገባ ሲበቃ የሚወጣ ዕቃ ሆነ። ጆን ራስል የተባለ እንግሊዛዊ የቤተ መንግሥት አገልጋይ በ15ኛው መቶ ዓመት ለወጣት አገልጋዮች በጻፈው የትምህርት ግጥም ውስጥ፣ ጌታው በሚታጠብበት ጊዜ ከጣራው ዙሪያውን አንሶላ እንዲሰቀልና አበባና መልካም ሽታ ያለው ቅጠል እንዲደረግበት ያዝዛል። እንዲህ ያለው የጨርቅ ድንኳን ሁለት አገልግሎት ነበረው፤ ነፋስ ወደ ታጣቢው እንዳይገባ ይከላከላል፣ ሙቀቱንና እንፋሎቱንም በገንዳው ዙሪያ ያቆያል። እንፋሎቱ አስቀድሞ የሚያገኘው ግድግዳውን ሳይሆን አንሶላውን ነው፤ አንሶላው ደግሞ ወደ ውጭ ወጥቶ ይሰጣል።

በአገራችንም ሴቶች ወይባ ሲሞቁ ጢስ ከሚወጣበት ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው በልብስ ይሸፈናሉ። የወይባው ጢስ ነው፣ የገንዳው እንፋሎት ነው፤ ነገሩ ልዩ ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ የሚደረገውን መታጠን በልብስ ክልል መያዝ በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ብልኀት መሆኑን መካድ አይቻልም።

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የባለጸጎቹ መታጠቢያ በመኝታ ቤት ምድጃ ፊት የሚቀመጥ የቆርቆሮ ገንዳ ነበር። ገረዶች ሙቁን ውኃ ከምድር ቤት በጣሳ እየተሸከሙ ደረጃ ይወጡ ነበር፤ የታጠቡበትንም ውኃ እንደገና ተሸክመው ይወርዳሉ። በቧንቧ የሚሠራ መታጠቢያ ከመጣ በኋላ እንኳ ብዙ ባላባቶች ይህን ልማድ ለረጅም ጊዜ አልተዉም። የገረዶቹ ድካም የሚያሳዝን ነው። እንፋሎቱን በሚመለከት ግን ይህ አኳኋን እንከን የለውም፤ ሦስቱን መንገዶች አሟልቶ ይገኛልና። ውኃው ጥቂት ነው፣ ከታጠቡም በኋላ ወዲያው ከክፍሉ ይወጣል፤ እሳቱ በአጠገቡ ያለውን ያሞቃል፤ ጭስ ማውጫው ደግሞ እሳት በነደደ ቁጥር የክፍሉን አየር ወደ ላይ ይስባል። ማንም ሰው ጭስ ማውጫውን «የእንፋሎት ማውጫ» ብሎ አልጠራውም፤ ሥራውን ግን ያለ ስም ይሠራ ነበር።

በዚያው ዘመን በ1858 የሙኒክ ሊቅ ማክስ ፔተንኮፈር ስለ መኖሪያ ቤት አየር መለዋወጥ ጥናቱን አሳተመ። የክፍልን አየር ጥራት በመጠን ለመለካት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆኑ ምስጋና ይገባዋል። አየር በግንቡ ውስጥ አልፎ ይለዋወጣል ማለቱ ግን ስሕተት መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ አየሩ የሚያልፈው በመስኮትና በበር ስንጥቆች ነበር። የዚህም ስሕተት ትርጉም ትልቅ ነው። ግድግዳ «ይተነፍሳል» ተብሎ ሲታመን፣ ይተነፍስ የነበረው ስንጥቁና ጭስ ማውጫው ነበርና።

ቧንቧው ገባ፤ ጭስ ማውጫው ተዘጋ

በ1868 ቤንጃሚን ማውን የተባለ የለንደን ሰው በጋዝ እሳት ውኃን ወዲያው የሚያሞቅ መሣሪያ ፈለሰፈ። ከዚህ በኋላ ሙቅ ውኃ እንደ ልብ መፍሰስ ጀመረ። ዳሩ ግን የመጀመሪያው መሣሪያ የጋዙን ጢስ የሚያወጣ ቧንቧ ስላልነበረው ለሕይወት የሚያሰጋ ነበር። ሰው ውኃውን ወደ ቤት ለማስገባት ሲቸኩል የማውጫውን ነገር ለመርሳት የቀረበ መሆኑን ይህ አንድ ምሳሌ ያስረዳል።

በ1908 በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ኤልስዎርዝ ስታትለር የከፈተው ሆቴል ለእንግዳው ሁሉ ከመኝታው ጋር የራሱን መታጠቢያ ሰጠ። ወጪው እንዲቀንስ የሁለት ጎረቤታሞች ክፍሎች መታጠቢያዎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው፣ በመካከላቸው ከፎቅ ወደ ፎቅ በሚያልፍ አንድ መተላለፊያ ቧንቧዎቹ እንዲሄዱ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ መታጠቢያው ለባለጸጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመኝታ ቤት ጎረቤት ሆነ፤ በብዙ ሕንፃዎችም መስኮት ወደሌለው ወደ መካከሉ ክፍል ገባ።

የማውጫው መንገድ ግን በተቃራኒው እየጠበበ ሄደ። በ1952 ለንደንን የሸፈነው መርዛማ ጭጋግ ብዙ ሺህ ሰው ከገደለ በኋላ፣ በ1956 ስለ ንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። የከሰል ምድጃዎች ቀስ በቀስ ጠፉ፤ ጭስ ማውጫዎቹም ተደፈኑ። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ደግሞ ሙቀት እንዳይባክን ተብሎ በአውሮፓና በአሜሪካ የመስኮቱና የበሩ ስንጥቅ ሁሉ ተወተፈ። ሁለቱም እርምጃዎች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ውጤቱ ግን ሻወሩ በየቀኑ የሚፈስበትና አየሩ መውጫ የሌለው ቤት ሆነ። ያለ ስም ያገለግል የነበረው ጭስ ማውጫ መሄዱ የታወቀው ሻጋታው ከታየ በኋላ ነው። ቦታውን እንዲተካ የመጣው በኤሌክትሪክ የሚዞረው የአየር ማውጫ ነው፤ በእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ ለመታጠቢያ ቤት የሚፈለገው ማውጫ በሚሠራበት ጊዜ ቢያንስ በሰከንድ 15 ሊትር አየር የሚያወጣ ነው። ይህ መጠን ከላይ ያሰላነውን መኝታ ቤት የሚያህል አየር ለማውጣት 48 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ታጣቢው እንደወጣ የሚጠፋ ማውጫ ሥራውን ሳይጨርስ የሚያቋርጥ ነው።

ጥፋቱ የታጣቢው ነው በተባለ ጊዜ

እስካሁን የተረክነው የግድግዳና የጣራ ነገር ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ሕመሞች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ገልጧል።

በ2020 በሰሜን እንግሊዝ በሮችዴል ከተማ ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ለነበረው ሻጋታ ለረጅም ጊዜ ከመጋለጡ በመጣ የመተንፈሻ አካል ሕመም መሆኑን ወሰነ፤ ቤቱም በቂ የአየር መለዋወጫ ያልነበረው መሆኑ ተገለጠ። አባትየው ስለ ሻጋታው ደጋግሞ አመልክቶ ነበር። የቤቱ አከራይ ድርጅት ግን የእርጥበቱ ምክንያት የቤተሰቡ አኗኗርና የገላ አስተጣጠብ ልማድ ነው ብሎ ገምቶ ነበር፤ በኋላም ግምቱ ስሕተት እንደ ነበረ አመነ። በ2023 የአገሩ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ቤት የሚያከራዩ ድርጅቶች ስለ ሻጋታ ሲነገራቸው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መርምረው እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈው የቪትሩቪዩስ መጽሐፍ ለግንበኛው የሰጠውን ሥራ፣ በኛ ዘመን አንድ ድርጅት ለታጣቢው ሰጠው። ሕጉ ሥራውን ወደ ቤቱ መለሰው፤ የመለሰው ግን አንድ ሕፃን ከሞተ በኋላ ነው።

በአገራችን

የአገራችን የቆየ ልማድ በአብዛኛው የመጀመሪያውን መንገድ፣ ማለት ማራቅን የተከተለ ነው። በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በጎንደር ነገሥታት ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ የነበረው ቤት ፍርስራሽ ከሌሎቹ ሕንፃዎች መካከል ይታያል። አዲስ አበባም ራሷ ከመታጠቢያ ጋር የተያያዘ መነሻ አላት፤ እቴጌ ጣይቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አጠገብ ቤት እንዲሠራ ማድረጋቸው ይታወቃል። ሰው ወደ ፍል ውኃው ይሄዳል እንጂ ፍል ውኃው ወደ መኝታ ቤት አይመጣም ነበር። የሣር ክዳን ያለው ጎጆም ቢሆን ጢሱንና እንፋሎቱን በክዳኑ እያሳለፈ ያስወጣል።

ባኞ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ ወደ ቋንቋችን ገባ፤ ነገሩም ከቧንቧውና ከሲሚንቶው ጋር አብሮ ገባ። ሲገባ ግን ጓደኞቹን ትቶ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጠው ከተማችን ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤቶቻችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሞቂያም ጭስ ማውጫም የላቸውም። ስለዚህ ከሦስቱ መንገዶች ማራቁን በፕላኑ አጣን፤ ማሞቁንም ከመጀመሪያው አልያዝነውም። የቀረልን አየሩን ማስወጣት ብቻ ነው።

በክረምት መስኮት መክፈት እርጥበት ያስገባል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ስሌቱ ግን ሌላ ያሳያል። 12 ዲግሪ የሆነና ሊሸከም የሚችለውን ውኃ ሁሉ የያዘ የውጭ አየር ወደ ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሊሸከመው ከሚችለው የያዘው ከመቶ 60 እጅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ እየዘነበ እንኳ የውጭው አየር ከታጣቢው ክፍል አየር ይልቅ የደረቀ ነው። እንግዲህ መኝታና መታጠቢያ በአንድ የሆኑበት ቤት ያለው ሰው፣ ማውጫውን ከአልጋው ሳይሆን ከገንዳው በላይ ቢያደርግ፣ ከታጠበም በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ቢያስኬደው፣ በግድግዳው ላይ የቀረውን ውኃ በጨርቅ ቢያደርቅ፣ እርጥብ ፎጣ ከመኝታው ቢያወጣ፣ ቁም ሣጥኑንም ወደ ውጭ ከሚመለከተው ግድግዳ ጥቂት ቢያርቅ ይጠቀማል።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነው ምክር ለታጣቢው የተሰጠ ነው፤ ጠቃሚ መሆኑንም እናምናለን። ሆኖም ማውጫ ያልተሠራለት ክፍል ማውጫውን ሊያስኬድ አይችልም፤ መከፈት የማይችል መስኮትም በምክር አይከፈትም። ታሪኩ የሚያስተምረን፣ ሮማዊው በሞቀ ግድግዳ፣ እንግሊዛዊው በጭስ ማውጫ፣ የኛም አባቶች በርቀት የፈጸሙት ሥራ ሁሉ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የታሰበ ወይም ከቤቱ ጋር የተሰጠ መሆኑን ነው። መታጠቢያን ወደ መኝታ ቤት ማስገባት በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ገንዳው ከአልጋ አጠገብ መቀመጥ የጀመረው ዛሬ አይደለምና። ስሕተቱ ውኃው የሚገባበትን ቧንቧ ሥሎ እንፋሎቱ የሚወጣበትን መንገድ በፕላኑ ላይ አለመሣል ነው።

ከጓደኞቻችን መካከል ነገ ፕላን የሚሥሉ፣ ፕላን የሚያጸድቁና ስለ ቤት ኪራይ ክርክር የሚዳኙ ይኖራሉ። ግድግዳው የጠቆረበት ሰው ወደ እነርሱ በመጣ ጊዜ፣ ስንት ጊዜ ታጠብህ ብለው ከመጠየቃቸው በፊት አየሩ በየት በኩል ይወጣል ብለው ቢጠይቁ፣ ይህ አጭር ጥናት ዋጋውን አገኘ ማለት ነው።